ሁለት ኢንች ከሩብ

ዛሬ ስለ ብረትና ስለ አርማታ ላወራችሁ ነው። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው። ስለ ጭነት የማውቀው ነገር ቢኖር ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ስቀመጥ የሚሰማኝን ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ያጠናል። አራተኛ ዓመት ሲደርስ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ለአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ወጣና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ ተመደበ። (የቢሮውን ስም አልጠራም። ወደ በኋላ ላይ ምክንያቱ ይገባችኋል።) የመጀመሪያው ወር ፎቶ ኮፒ በማንሳት፣ ያረጀ ፕላን በማጣጠፍና "እስኪ ቡና እዘዝልን" በመባል አለቀ። በሁለተኛው ወር "ሳይት ውጣ" ተባለ። ደስታውን ባያችሁት! ሄልሜት ከጎረቤት ልጅ ተውሶ፣ ማታ ማታ በመስታወት ፊት እየለካው እናታችንን በሳቅ ገደላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በማግስቱ አርማታ ሊሞላ ቀጠሮ የተያዘለት ዓምድ አጠገብ ቆሞ ሜትሩን ዘረጋ። ፕላኑ ስታፋዎቹ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰሩ ይላል። ስታፋ ማለት እንደኔ ለማታውቁ፣ የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ነው። ወንድሜ የለካው ግን 20፣ 22፣ አንድ ቦታ ላይማ 25 ሆነ። "ተሳስቼ ይሆናል" ብሎ ደግሞ ለካ፤ ያው ነው።

ሳይቱን የሚቆጣጠሩት መሐንዲስ ዘንድ ሄዶ "ኢንጂነር ይቅርታ፣ እዚያ ጋ ስታፋው ትንሽ የተራራቀ መሰለኝ፤ ቢያዩልኝ?" አላቸው። ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ የመጣኸው ልትማር ነው ወይስ ልታስተምር? በል ሎግ ቡክህን አምጣ ልፈርምልህ።" ፈረሙለት። በማግስቱ አርማታው ተሞላ። ካሳ ፎርማው ሲነሳ ዓምዱ ቀጥ ብሎ፣ ልስልስ ብሎ፣ አምሮ ቆሟል። ከእንግዲህ ውስጡን ማን ያያል?

አሁን ወንድሜ የኢንተርንሺፕ ሪፖርቱን እየጻፈ ነው። ከውጤቱ ከፊሉን የሚሞላለት ያው ቢሮ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን "ቁጥሩን ልጻፈው ወይስ ልተወው?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እኔ መልስ ሳጣ ማንበብ እጀምራለሁ፤ በሽታዬ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ከዚህ በፊት አማካሪ መሐንዲስ ዘንድ የሚሠራ ወጣት ያለቦታው የሆነ ነገር ሲያይ ምን አደረገ? ሰሚስ አገኘ? ሳነብ ሳነብ ካናዳ፣ ኪውቤክ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. 1907 ላይ ደረስኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።)

በዚያ ዘመን በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ትልቅ የባቡር ድልድይ ይሠራ ነበር። ከሁለቱ ዳርቻዎች የብረት ክንዶች ወደ ወንዙ መሐል እየተዘረጉ በመጨረሻ የሚገናኙበት ዓይነት ነው። ሁለት ሰዎች በወንዝ ግራና ቀኝ ቆመው እጅ ለእጅ ለመያያዝ እንደሚንጠራሩ አስቡት። አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር ይባላል። በአሜሪካ ስሙ የገነነ፣ ስለ ባቡር ድልድይ ጭነት የጻፈው ደንብ በየቢሮው የሚሠራበት አንጋፋ ሰው ነበር። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ 1,600 ጫማ ተብሎ ነበር። ኩፐር ምሰሶዎቹ ጥልቀቱ አነስ ወዳለበት ውሃ እንዲወጡ ብሎ 1,800 ጫማ አደረገው፤ 549 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እግረ መንገዱንም ስኮትላንድ ያለውን የፎርዝን ድልድይ በልጦ በዓይነቱ ከዓለም አንደኛ ሊሆን ነው። ለጡረታ የቀረበ ሰው እንዲህ ያለ ዘውድ ቢያምረው አልፈርድበትም።

ችግሩ፣ ድልድዩ ሲረዝም የራሱ የብረቱ ክብደት እንደገና በወጉ አልተሰላም። ስህተቱ በ1906 ሲታወቅ ብዙው ብረት ተሠርቶ፣ ከፊሉም ቦታው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ኩፐር አሰላና ተጨማሪው ጫና ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው፣ ይችለዋል ብሎ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ።

ኩፐር ራሱ ግን ሳይቱ ላይ አልነበረም። ጤናው ተጓድሏል፤ የሚኖረው ኒው ዮርክ ነው። ክፍያው ለሥራው የሚመጥን ስላልነበር በቂ ረዳት እንኳ አልቀጠረም። ብረቱ መሰቀል ከጀመረ በኋላ አንድም ቀን ሄዶ አላየውም! የካናዳ መንግሥት ሥራውን ሌላ መሐንዲስ ያይልኝ ሲል ደግሞ "እኔ የማንም የበታች አልሆንም" በሚል ስሜት ተቃውሞ አስቀረው። (ይህን ሳነብ ስንት ሰው ትዝ አለኝ መሰላችሁ።) እናም ኩፐር በቦታው ዓይንና ጆሮ እንዲሆነው አንድ ወጣት ላከ። ኖርማን ማክሉር ይባላል። በ1904 ከፕሪንስተን የተመረቀ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልዘለለ ልጅ ነው። ሥራው መለካት፣ መጻፍ፣ ለአለቃው መላክ ነበር። ሥልጣን ግን የለውም። "አቁሙ!" ቢል የሚያቆምለት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ብረት ብረት ልበላችሁ። ከድልድዩ ክንድ ሥር የሚሄዱት ግዙፍ ብረቶች ሸክሙን የሚሸከሙት እየተጨመቁ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ወጥ ብረት አልነበሩም። አራት ረጃጅም ሳንቃ መሰል ብረቶች ጎን ለጎን ቆመው፣ በቀጫጭን ብረቶች ዚግዛግ እየተጠላለፉ የታሰሩ ናቸው። የመስቀልን ችቦ አስቡት። ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንጨቶቹ ስለወፈሩ አይደለም፤ በየቦታው ጠበቅ ተደርጎ ስለታሰረ ነው። ማሰሪያው ከላላ እያንዳንዱ እንጨት በየፊናው ይለመጣል፤ ከላይ ብትጫኑት ደግሞ መሐሉ ላይ ይንኮታኮታል። የኪውቤክ ድልድይ ማሰሪያዎችም ለተሸከመው ክብደት ቀጥነው ነበር።

ወንድሜ እዚህ ጋ ስደርስ ቡናውን አስቀመጠና "ስታፋ በይው" አለኝ። እውነቱን ነው። በአርማታ ዓምድ ውስጥ ስታፋ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ የቆሙት ፌሮዎች ተጨንቀው ወደ ውጭ እንዳይለመጡ ማቀፍ።

በ1907 ክረምት ማክሉር የብረቶቹ መጋጠሚያ እየጎበጠ መሆኑን ማየት ጀመረ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለኩፐር ጻፈ። ኩፐር ደነገጠና እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ ጠየቀ። ብረቱን የሚሠራው የፊኒክስ ብሪጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ግን "ሲመጣም እንዲህ ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የጎበጠ ነው" ብለው ድርቅ አሉ። ማክሉር "ኧረ አልነበረም" ይላል፤ እነሱ "ነበር" ይላሉ። ደብዳቤ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይመጣል፤ ብረቱ ደግሞ በላይ በላዩ ይሰቀላል። የዕድሜና የማዕረግ ጉዳይ ባይሆን ኖሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ክርክር ነበር። ሄዶ ማየት ነው! ግን ማንም አልሄደም።

ነሐሴ 27 ቀን አንደኛው ብረት እንደገና ተለካ። ከሳምንት ገደማ በፊት ሩብ ጎደል አንድ ኢንች የነበረው ጉብጠት ሁለት ኢንች ከሩብ ገብቷል፤ 57 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። "ሲመጣም እንዲህ ነበር" የሚለው ነገር ከዚህ በኋላ አይሠራም፤ ፋብሪካ ውስጥ የጎበጠ ብረት በሳምንት ውስጥ እንደገና አይጎብጥም። ፎርማኑ ሥራውን አቆማለሁ አለና ሐሳቡን ቀየረ። ማክሉር ቁጥሩን ይዞ በማግስቱ ወደ ኒው ዮርክ በባቡር ተሳፈረ።

ለምን ቴሌግራም አልላከም? ለምን ስልክ አልደወለም? ያኔ ሁለቱም ነበሩ እኮ። እኔ እንደሚመስለኝ በቴሌግራም ቁጥር እንጂ ጭንቀት አይላክም። ፊት ለፊት ቆሜ ባስረዳ ያምኑኛል ብሎ ይሆናል። ወይም ደግሞ ዋና መሐንዲሶቹ "ምንም የለም" በሚሉበት ነገር ላይ ብቻውን ሩጫ የጀመረ ልጅ መባልን ፈርቶ ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ነሐሴ 29 ቀን፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ማክሉር ኩፐር ቢሮ ገባ። ሽማግሌው ቁጥሩን ሲያይ አልተከራከረም፤ ገባው። 6 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ "ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ድልድዩ ላይ ምንም ጭነት እንዳይጨመር" የሚል አጭር ቴሌግራም ላከ። ግን ወዴት ላከው? ወደ ኪውቤክ ሳይሆን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፊኒክስቪል ወዳለው የኩባንያው ዋና ቢሮ! እነሱ ወደ ሳይት ያስተላልፋሉ ብሎ ነው። ማክሉርም ለሳይቱ ቴሌግራም እልካለሁ ብሎ ነበር፤ ወደ ፊኒክስቪል የሚሄደው ባቡር እንዳያመልጠው ሲጣደፍ ሳይልክ ቀረ።

የኩፐር ቴሌግራም ፊኒክስቪል ደረሰ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆየ፣ ተነበበ። ወደ 11 ሰዓት ግድም ማክሉር ራሱ ደረሰና ተሰበሰቡ። ተወያዩ፣ ተወያዩ… ነገ ጠዋት ይታያል ተባለ።

በዚያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ ሠራተኛው ሥራ ሊጨርስ ሲሰናዳ፣ ያ የጎበጠ ብረት ተለመጠ። የተሰቀለው የደቡቡ ክንድ በሙሉ በ15 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ወንዝ ገባ። ድምፁ ኪውቤክ ከተማ ድረስ ተሰማ። ድልድዩ ላይ 86 ሰዎች ነበሩ፤ 75ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ 33ቱ ካናዋኬ ከምትባል አንዲት የሞሃውክ መንደር የመጡ ናቸው። ከፍታ ላይ በመሥራት የታወቁ የአገሬው ነባር ሕዝብ ልጆች ናቸው። በመቃብራቸው ላይ ከድልድይ ብረት የተሠራ መስቀል ቆሞላቸዋል። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሴቶች ወንዶቻችን ሁሉ ዳግመኛ በአንድ ሥራ ላይ አብረው አይውሉም ብለው ደንብ አወጡ ይባላል። እኔ ያንን ሁሉ ቴክኒካዊ ነገር አንብቤ ያለቀስኩት እዚህ ጋ ነው።

ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው የምርመራ ኮሚሽን በ1908 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በዋናነት በኩፐርና በኩባንያው ዋና ነዳፊ ላይ ጣለ። ድልድዩ እንደገና ተነድፎ ሲሠራ በ1916 ደግሞ መሐለኛው ክፍል ወደ ላይ ሲሳብ ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻ በ1917 ተጠናቀቀ። አሁንም ቆሟል፤ በዓይነቱ ረጅሙን ክፍተት የሚሻገረውም እስከ ዛሬ እሱ ነው። ካናዳውያን መሐንዲሶች ሲመረቁ በትንሿ ጣታቸው የብረት ቀለበት እንደሚያጠልቁ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1925 የተጀመረ ሥርዓት ነው። "ቀለበቶቹ የተሠሩት ከወደቀው ድልድይ ብረት ነው" የሚለው ወሬ ግን ተረት ነው። ወንድሜም እንደዚያ ብሎ አምኖ ነበር፤ ሳፈርስበት ከፋው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ሲገርመኝ ሰነበተ። ኩፐር ራሱ ድሮ ማክሉር ነበር! በ1870ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ኢድስ የሚባል መሐንዲስ ሴንት ሉዊስ ላይ በሚሲሲፒ ወንዝ ትልቅ ድልድይ ሲሠራ ኩፐር የሳይት ተቆጣጣሪው ነበር። አንድ ጊዜ ከድልድዩ ላይ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ዋኝቶ ወጥቷል። ክረምት ላይ የድልድዩ ቅስት ብረቶች መሰንጠቅ ሲጀምሩ ኒው ዮርክ ለነበረው አለቃው ቴሌግራም የላከውም እሱ ነው። ኢድስ ሰማው፤ ምን እንደሚደረግም ላከለት፤ ድልድዩ ተረፈ፣ በ1874 ተመረቀ። ዛሬም ሰው ይተላለፍበታል። እንግዲህ ሳይት ላይ ያለ ሰው የሚያየው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከኩፐር በላይ ማን ያውቃል? ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ፣ ስሙ ገነነ፣ ወንበሩ ሞቀ። ከሳይቱ ወደ እሱ የሚያመጣውን መንገድ ያንን ያህል ረጅም አድርጎ የሠራውም ራሱ ነው።

ሁለተኛው ታሪኬ ደግሞ ድንገት በንባብ መሐል የገጠመኝ ነው፤ እሱም የፕሪንስተን ተመራቂ ያለበት መሆኑ አስቆኛል። ዓመቱ 1978 ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቲኮርፕ ማዕከል የሚባል 59 ፎቅ፣ 279 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ከተጠናቀቀ ገና አንድ ዓመቱ ነው። የቦታው አንዱ ማዕዘን የቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መሬቱን ሲሰጥ አዲሱ ሕንፃው በዚያው ማዕዘን እንዲሠራለት ስለተስማማ ዓምድ እዚያ ማቆም አልተቻለም። ስለዚህ መሐንዲሱ ዊልያም ለሜሱሪየር ሕንፃውን ዘጠኝ ፎቅ በሚያህሉ እግሮች ላይ ሰቀለው። እግሮቹን ማዕዘን ላይ ሳይሆን የየጎኖቹ መሐል ላይ አደረጋቸው። በርጩማ እግሮቹ ጥግ ላይ ሳይሆኑ ጎኖቹ መሐል ላይ ቢሆኑ ብላችሁ አስቡት። ፊት ለፊት ብትገፉት ይችላል። ጥጉን ስትገፉትስ?

ይህንን የጠየቀችው ዳያን ሃርትሊ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። በፕሮፌሰር ዴቪድ ቢሊንግተን መሪነት የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ሕንፃ ላይ ትሠራ ነበር። ነፋስ ማዕዘኑን ቢመታው ብላ ስታሰላ ጫናው እሷ ከጠበቀችው በላይ ሆነ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ማለቷ አልቀረም። ወደ አማካሪው ቢሮ ደውላ ከአንድ መሐንዲስ ጋር ተነጋገረች። ሕንፃው አስተማማኝ ነው፣ አታስቢ ተባለች። እሷም ጽፋ፣ ተመርቃ፣ ሥራዋን ያዘች።

ጥያቄው ግን ቢሮው ውስጥ አልሞተም። ለሜሱሪየር ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ አንድ ተማሪ ስለ ዓምዶቹ ደውሎ ከጠየቀው በኋላ እንደገና ሲያሰላ በማዕዘን የሚመጣ ነፋስ በአንዳንዶቹ ብረቶች ላይ ያለውን ጫና በ40 በመቶ ያሳድገዋል። ይባስ ብሎ፣ መጋጠሚያዎቹ በብየዳ እንዲሆኑ የታሰበው ቀርቶ ዋጋ ለመቀነስ በቡሎን ተደርገዋል። በእሱ ስሌት መሠረት መብራት ከጠፋና ከላይ ያለው ማረጋጊያ ካልሠራ ሕንፃውን ሊጥል የሚችል ነፋስ በአማካይ በ16 ዓመት አንዴ ይመጣል። ዝም ማለትንም አስቦ ነበር። ግን ተናገረ። ለባለቤቱ ነገረ፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በየሌሊቱ፣ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ፣ ከ200 በላይ መጋጠሚያዎች ላይ ወፍራም ብረት ተበየደ። በመሐሉ ኤላ የምትባል አውሎ ነፋስ ወደ ከተማዋ ማምራት ጀምራ አቅጣጫዋን ቀየረች።

በሙያዬ ያሳፈረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከታች በመንገዱ ለሚያልፈው፣ በአካባቢው ለሚኖረው ሰው ማንም ምንም አልነገረውም! የተሰጠው መግለጫ "ጥቃቅን ማሻሻያ" የሚል ነበር። ጋዜጠኞች መጠየቅ ሲጀምሩ ደግሞ የኒው ዮርክ ዋና ዋና ጋዜጦች በሥራ ማቆም አድማ ተዘጉ፤ ከነሐሴ 10 እስከ ኅዳር መጀመሪያ። ታሪኩ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ1995 ኒውዮርከር መጽሔት ሲያወጣው ነው። ሃርትሊም የጠየቀችው ነገር ምን እንዳስከተለ የሰማችው ከዓመታት በኋላ በቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ነው። ያ የደወለው ተማሪ ማን ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ያን ጊዜ ኒው ጀርሲ ተማሪ የነበረ ሌላ ሰውም "እኔ ነኝ" ብሎ ወጥቷል። አዩት፣ ስሙን እንኳ የመዘገበው አልነበረም።

ታሪኩን ለማሳመር የማልደብቀው ነገር አለ። በ2019 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በዘመኑ ዘዴ እንደገና አሰሉትና፣ ማዕዘኑን የሚመታው ነፋስ እንደተፈራው ፊት ለፊት ከሚመጣው የባሰ አይደለም አሉ። እና ተማሪዋ ተሳስታለች? እንጃ። የ1978 ሰዎች በእጃቸው በነበረው ስሌት መጠየቁ ልክ ነበር። የዚያን ጊዜው የከተማዋ ደንብ እንዲያውም ፊት ለፊት ከሚመጣ ነፋስ ሌላ እንዲሰላ አያስገድድም ነበር፤ ለዚህም ነው ጥያቄው ከቢሮ ውጭ መምጣት ያስፈለገው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በሁለት ምሽት ተረኩለት። በሁለተኛው ምሽት ዝም አለና "የኔ እኮ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድልድይ አይደለም" አለ። እውነት ነው። ስታፋው ስለተራራቀ ሕንፃው ይወድቃል አላለም፤ እኔም አልልም። አራተኛ ዓመት ተማሪና የጋዜጠኝነት ተመራቂ ተሰብስበው ያንን መወሰን አይችሉም። የሚችል ሰው አለ፤ ቁጥሩ ግን እሱ ጋ አልደረሰም፣ ምክንያቱም መንገዱ ላይ ሎግ ቡክ ተፈረመበት። በሎግ ቡኩ የዚያ ቀን ገጽ ላይ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? "የፌሮ ሥራ ተከታትያለሁ።" ፊርማ። ማኅተም። አበቃ።

"ማክሉር ለኪውቤክ ቴሌግራሙን ለምን አልላከም?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

"ባቡር እንዳያመልጠው ቸኩሎ።"

"እኔም ያን ቀን ሰርቪሱ እንዳያመልጠኝ ነበር የቸኮልኩት" አለ፤ ብዙም አልተነጋገርንም ከዚያ በኋላ።

ሌሊት ለውሃ ስነሳ ላፕቶፑ በርቶ አየሁት። ሪፖርቱ ላይ አንድ ገጽ ጨምሯል። ቀኑ፣ የዓምዱ ቁጥር፣ የፕላኑ ገጽ፣ ፕላኑ የሚለው ርቀት፣ እሱ የለካው ርቀት፣ ስንት ጊዜ እንደለካ። ማንንም አልወቀሰም፤ የማንም ስም የለበትም። "ትንሽ የተራራቀ መሰለኝ" የሚለውን ጽፎ ሰርዞታል። ሁለት ኮፒ ነው የሚያሳትመው፤ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለቢሮው ሥራ አስኪያጅ በእጃቸው። ለሳይት መሐንዲሱ አስቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ሳይነግራቸው ከላይ መሄዱ ነውር መስሎ ታይቶታል፤ በዚህ አልተከራከርኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ነው የሚሄደው። ሸሚዙን እኔ ነኝ የምተኩስለት።